የመንገዱ ድርሻ

አቶ ጥሩነህ ሸሚዛቸውን በሁለት ሰው ጉልበት መልበስ ከጀመሩ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። ግራ እጃቸውን ራሳቸው ያስገባሉ፤ ለቀኙ ግን ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቅዬ ከኋላ ቆመው እጅጌውን ዘርግተው ይጠብቃሉ፤ ክንዱም እንደ ታመመ እንግዳ ተደግፎ፣ በየመሀሉ እያረፈ ይገባል። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በዚያ የነሐሴ ቅዳሜ ማለዳ፣ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ፣ ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ ዳር ባለችው አፓርታማቸው ውስጥ፣ ያው ሥርዓት ተፈጸመ።

«ቁም እንጂ! እንደ በቅሎ አትደንብር።»

«የምትጎትቺው አንቺ ነሽ።»

«የጎተተህስ ያ ሦስት መቶ ፓውንድ በረዶ ነው። ዛሬ ለልጃችን ንገራት። ‹ትከሻዬ አብቅቶለታል› በላት፤ ምላስህ አይሰበርም።»

«ወርቅዬ፣ ይህ ነገር ከአፍሽ ቢወጣ ተቀያየምን።»

«እኔ እንደሆን ተራራው ጋ አብሬያችሁ አልሄድ፤ ለማን እናገራለሁ? ጉልበቴ የቤቱን ደረጃ እንኳ አልቻለ።» ወይዘሮ ወርቅዬ የመጨረሻውን ቁልፍ ቆልፈው የባላቸውን ደረት መታ መታ አደረጉ። «ይልቅ ከዚያ ከተራራው በረዶ ቁራጭ አምጣልኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው ስታቀርብ፣ ለእኔ አንድ ቀን ይዘህ ገብተህ አታውቅም።»

«በረዶ ደግሞ ስጦታ ይሆናል?»

«ካልቀለጠ ይሆናል።»

አቶ ጥሩነህ ሲወጡ፣ ከበሩ ጀርባ ትላንት ያዘጋጁትን አንድ ጆንያ፣ የበረዶ መቁረጫ ሹል ብረታቸውንና በከረጢት የታሰረ ሰጋቱራ አንሥተው በግራ ብብታቸው ሸጎጡ። ወይዘሮ ወርቅዬ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ሰውዬው ሳይጠየቁ አስበውበት ነበር።

አቶ ጥሩነህ የበረዶ ሰው ናቸው። ተወልደው ያደጉት ወሎ ውስጥ ሐይቅ አጠገብ ሲሆን፣ በሃያ ዓመታቸው በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለው ወደ አሰብ ወረዱ። ጨውና ወበቅ በነገሠበት በዚያ ወደብ ሰው ከምግብ እኩል የሚሻው በረዶ ነበርና፣ በበረዶ ፋብሪካው ተቀጠሩ። የረጋውን ብሎክ በትልቅ ፒንሳ ነክሰው ከቆርቆሮው ቅርጽ ማውጣት፣ በሰጋቱራና በጆንያ መጠቅለል፣ በጋሪ እየገፉ ለመርከበኛና ለዓሣ አጥማጅ ማድረስ፤ ይህ ነበር ሥራቸው፣ ሃያ አራት ዓመት ያህል። ሙያው ሁለት ሕግ ነበረው። የመጀመሪያው፣ በጉዞ ላይ የቀለጠው የማንም ጥፋት አይደለም የሚል ነው፤ «የመንገዱ ድርሻ» ይሉታል፤ ሰጪም ተቀባይም አይከራከርበትም። ሁለተኛው ደግሞ፣ የተጠቀለለ በረዶ ከቦታው ሳይደርስ አይፈታም። ምን ያህል እንደቀረ ለማየት ብሎ የሚፈታ ሰው ሙቀቱን በገዛ እጁ ጋብዞ ያስገባዋል። «በረዶ ሲያዩት ይቀልጣል» ይሉ ነበር ሥራውን ያስተማሯቸው ሽማግሌ።

ጦርነቱ ወደብ ድረስ ሲመጣ ቤተሰቡ በጀልባ ወደ ጅቡቲ ተሻገረ፤ ከአራት ዓመት ስደት በኋላም አንድ ቤተ ክርስቲያን ዋስ ሆኖ ኦክላንድ አስገባቸው። ዕጣቸው ሆነና እዚያም ወደቡ አጠገብ የበረዶ ፋብሪካ ነበር። እንግሊዝኛ የማያውቁትን ጥቁር ሰው ፎርማኑ ሊመልሳቸው ሲል፣ አቶ ጥሩነህ ከተደረደሩት ብሎኮች አንዱን በጣታቸው አንጓ አንኳኩተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፎርማኑ አልገባውም። ብሎኩ ሲነሣ መሀሉ ላይ ለሁለት ተከፈለ። በማግሥቱ ሥራ ገቡ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሠርተዋል፤ ባለፈው ግንቦት ግን ፒንሳው አመለጣቸውና ብሎኩ ቀኝ ክንዳቸውን ይዞ ወረደ፤ ከዚያም ወዲህ ሕመሙን ደብቀው ሥራ መግባታቸውን አልተዉም።

ከታች የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ከሳን ሆዜ የመጡት ልጃቸው ፅጌረዳ፣ ባሏ አምሐና የዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው ዓለምፀሐይ ነበሩ። ጉዞው የዓለምፀሐይ ነው። ከቤተ መጻሕፍት ባመጣችው መጽሐፍ ውስጥ ከሰማንያ ዓመት በፊት የተነሣ፣ በመኪና የሚደረስበት ተራራ ላይ ያለ የአንድ የበረዶ ግግር ፎቶግራፍ አለ፤ በሥሩም ግግሩ ከዓመት ዓመት እየሟሸሸ መሄዱ ተጽፏል። «አያቴ፣ ይኼን ማነው የሚሠራው?» ብላ ጠየቀቻቸው። በሕይወታቸው የነኩትን በረዶ ሁሉ ሰው አርግቶት ነበር፤ ሰው ያልሠራው ደግሞ ከሰማይ ሲወርድ እንጂ ተቀምጦ ሲኖር አላዩም። እንሂድና እንየው የተባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ፅጌረዳ ግን ሌላም ጉዳይ ነበራት። መኪናዋ የኦክላንድን ኮረብታዎች ተሻግራ ወደ ሜዳው እንደወረደች ጀመረች።

«አባዬ፣ ሰውዬው እስከ ሰኞ ነው የሚጠብቀው። ከዚያ ለሌላ ይሰጠዋል።»

«ይስጠዋ።»

ሰውዬው የፅጌረዳ አለቃ ነው። እሷ በገንዘብ ተቀባይነት የምትሠራበት የመኪና ማቆሚያ ድርጅት ኦክላንድ ውስጥ አንዲት የመስታወት ዳስ አለችው፤ ዳሷ ሰው ትፈልጋለች።

«ቁጭ ብለህ ትኬት መቀበል ነው እኮ! ሂተር አለው፣ ፋን አለው፣ ሬዲዮ ይፈቀዳል።»

«በመስታወት ውስጥ ታስቀምጪኛለሽ፤ እንደ ፋርማሲ ጠርሙስ።»

አምሐ መሪውን እንደያዘ ሳቀ። ፍሪሞንት ውስጥ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ቀልድ የሚወድ፣ አማቱን ከልቡ የሚያከብር ሰው ነው። «ጋሼ፣ እነዚያ ጎረምሶች ‹ኦልድ ማን› ሲሉዎት አይሰለችዎትም?»

«ኦልድ ማን ይበሉኝ እንጂ ብሎክ ሲሰነጠቅ የሚጠሩት እኔን ነው። ሰው ከሥራው ሲወጣ በራሱ እግር ይወጣል፤ ልጅና አማች ተጋግዘው አያወጡትም።» ከዚያ ወዲያ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ትከሻቸው መኪናዋ በዘለለች ቁጥር እንደ ጥርስ ይጠዘጥዛቸው ነበር። እንቅልፍ ከወሰዳቸው ሳምንታት አልፈዋል፤ በቀኝ ጎናቸው መተኛት አይችሉም፣ በግራው አልለመዱም።

ነገሩን ያጋለው ጆንያው ነው። ማንቲካ የምትባል ከተማ ነዳጅ ሊቀዱ ቆመው ፅጌረዳ የመኪናውን ኋላ ስትከፍት አየችው።

«ይኼ ምንድነው አባዬ?»

«እናትሽ በረዶ አምጣልኝ ብላለች።»

«በዚህ ሙቀት?» አለ አምሐ። «የመኪናችን ኤሲ ተበላሽቷል፤ ከሰዓት በኋላ ይህ ሜዳ በፋራናይት መቶ አምስት ይገባል። ስንመለስ እዚህ ሳንደርስ ሻይ ይሆናል።»

አቶ ጥሩነህ ቀና አሉ። «አንተ ልጅ፣ እኔ አሰብ ላይ በጋሪ ያደረስሁት በረዶ አንተ በመኪና ከምታደርሰው ይበልጣል።»

«እንወራረዳ!» አምሐ ጨዋታውን ይዞት ሄደ። «ከሙልሙል የማይበልጥ ይቁረጡ። ኦክላንድ ከገባ የዳሱን ነገር እኔም ፅጌም ሁለተኛ አናነሣብዎትም። ከቀለጠ ግን ሰኞ ጠዋት ኮል እናደርጋለን።»

ፅጌረዳ ባሏን በክርኗ ጎሰመችው። አቶ ጥሩነህ ግን ሽማግሌ ፊት እንደቆመ ባለጉዳይ ቀጥ ብለው፣ «ተስማምቻለሁ» አሉ። ዓለምፀሐይ ሆት ዶጓን እያላመጠች «ዲል!» ብላ ጮኸች። አያቷ የፍልሰታ ጾመኛ ናቸውና የያዙት ቆሎና ዳቦ ነበር፤ አንድ ጭብጥ ቆሎ ዘግነው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከተራራው መተላለፊያ ማዶ፣ ከአንድ ትንሽ ሐይቅ አጠገብ ደረሱ። ከዚያ ያለው በእግር ነው። ፅጌረዳ የከተማ ጫማ አድርጋ ስለመጣች ምግቡን ይዛ ሐይቁ ዳር ቀረች፤ ሦስቱ ወጡ። መንገዱ መንገድ አልነበረም፤ ድንጋይ ላይ ድንጋይ ነው። ዓለምፀሐይ እንደ ፍየል እየዘለለች ትቀድማለች፤ አምሐ እያለከለከ በየመቶ እርምጃው ይቆማል። አቶ ጥሩነህ የደጋ ልጅ ናቸውና ሳንባቸው አልከዳቸውም፤ የከዳቸው ሌላው ሁሉ ነው። ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ወጡ። በእጅ ተይዞ የሚወጣውን ቋጥኝ እየዞሩ፣ አንዱን እርምጃ ሦስት እያደረጉ ወጡ።

ሲደርሱ ዓለምፀሐይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ፊቷ ወድቋል። «ኢትስ ዳርቲ» አለች።

እውነትም ግግሩ ንጹሕ አልነበረም። አመድ የተነሰነሰበት፣ በተራራው ጥግ የተጣለ አሮጌ ፍራሽ ይመስላል። ዓለምፀሐይ መጽሐፏን ገልጣ ከፍ አድርጋ ያዘችው። በፎቶግራፉ ላይ በረዶው ከገደሉ አፍ እስከ ታችኛው የድንጋይ ክምር ሞልቶ ተንጣሏል፤ አሁን ክምሩ ባዶውን ቀርቷል፤ በመካከሉ አረንጓዴ ኩሬ ተኝቷል። አቶ ጥሩነህ ፎቶግራፉን ብዙም አልፈለጉትም። በገደሉ ግድግዳ ላይ ከላይ የጠቆረ፣ ከታች የነጣ መስመር ያያሉ፤ ውኃው የጎደለ ገንዳ ጠርዝ ላይ የሚቀረውን ዓይነት። እስከዚያ ድረስ ነበር ማለት ነው። ቀስ ብለው ተጠግተው በሹል ብረታቸው እጀታ በረዶውን አንኳኩ፤ ጆሯቸውንም አዘነበሉ።

«ምን ይላል?» አለ አምሐ፣ መሬት ላይ እንደተዘረጋ።

«ያረጀ ነው። ድምፁ ወፍራም ነው፤ አየር የለውም። እንዲህ ያለውን ማንም ፋብሪካ አያወጣውም።» ከበረዶው ሥር፣ ከድንጋዩ ሁሉ ሥር፣ ውኃ ሳያቋርጥ ይሮጥ ነበር። ያንን ድምፅ ያውቁታል። በሥራ ቦታ የበረዶ ማከማቻው በር ሳይዘጋ ቀርቶ እንዲህ ሲሰማ ሁሉም ሰው የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። «በር ተከፍቷል» አሉ።

«ሁ ኦፕንድ ኢት?» አለች ዓለምፀሐይ።

አያቷ ሊዘጉት የሚችሉትን በር የሚፈልጉ ይመስል፣ ወደ ላይ ወደ ገደሉ ሲመለከቱ ቆዩ። ድካሙ ያን ጊዜ መጣባቸው፤ የዚያን ቀኑ ብቻ አልነበረም፤ የአሰቡ፣ የጅቡቲው፣ የኦክላንዱ ሁሉ አብሮ መጣ። ጉልበታቸውን አጥፈው በረዶው አጠገብ ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ መቁረጥ ነበረባቸው። ብረቱን በቀኝ እጃቸው አነሡ፤ ክንዳቸው ከደረታቸው በላይ አልወጣም። ወደ ግራ አዛወሩት። በሕይወታቸው በግራ ቆርጠው አያውቁም፤ ምቱ እየሳተ፣ ፍንጣሪው ፊታቸው ላይ እየበረረ፣ ሁለት ደቂቃ የሚበቃው ሥራ ሩብ ሰዓት ፈጀ። አምሐ ከተኛበት ተነሥቶ ይህን ሁሉ አየ።

ሙልሙል የሚያህለው በረዶ በሰጋቱራ ተቀበረ፣ በጆንያ ተጠቀለለ፣ በገመድ ታሰረ። በቁልቁለቱ አጋማሽ አቶ ጥሩነህ ሲቀመጡ፣ አምሐ ሳይጠይቅ ጥቅሉን አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገው።

«ውርርዱስ?» አሉ።

«ውርርዱ ኦክላንድ ይግባ አይግባ ነው እንጂ ማን ተሸከመ የሚል የለበትም።» ዓይናቸውን ሳያይ ቀደማቸው።

ሲመለሱ ሜዳው እንደ ምድጃ አፍ ተቀበላቸው። በተከፈተው መስኮት የሚገባው ነፋስ የጋለ አቧራና የደረቀ ሣር ይሸታል። አቶ ጥሩነህ ጥቅሉን በጋቢያቸው ደርበው እግራቸው ሥር አስቀምጠውት ነበር።

«አያቴ፣ ጋቢ ያሞቀዋል እኮ» አለች ዓለምፀሐይ፣ በተሰባበረ አማርኛ።

«ጋቢ አያሞቅም፣ የኔ ልጅ። ያለውን እንዳለ ይጠብቃል። ብርድም ቢሆን ሙቀትም ቢሆን።»

«ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ ገለጥ ያድርጉት፤ አለ ወይ?» አለ አምሐ።

«ቦታው ሳይደርስ አይፈታም።»

«ማየት ብቻ!»

«ማየት ነው የሚያቀልጠው፤ ዝም ብለህ ንዳ።»

ኦክዴል የምትባለውን ከተማ አልፈው ጥቂት እንደሄዱ ዓለምፀሐይ ዝም አለች። አቶ ጥሩነህ ዘወር ሲሉ የመጽሐፉ ገጽ ላይ ደም ይንጠባጠብ ነበር። ነስር ነው። ልጅቷ ደሙን በሁለት እጇ ልትይዘው ትሞክራለች፤ በጣቶቿ መካከል ይወርዳል። ፅጌረዳ ጮኸች፤ አምሐ መኪናዋን አንድ የለውዝ ዛፍ ጥላ ሥር አቆመ። ጨርቅ ተፈለገ፣ የውኃው ጀሪካን ተከፈተ፤ ውኃው እጅ ያቃጥላል። ደሙም አልቆም አለ። «ማሚ፣ ማሚ» ትላለች ልጅቷ፤ ከንፈሯ ነጥቷል።

አቶ ጥሩነህ ያን ጊዜ ጋቢውን ገልጠው የጆንያውን ገመድ በጥርሳቸው ይዘው ፈቱት። አላመነቱም። ሰጋቱራው ውስጥ እጃቸውን ሰደዱ፤ በረዶው አለ። ከግማሽ ብዙም አልቀነሰም። መንገድ ዳር ባለው ድንጋይ ላይ አሳርፈው በብረቱ መቱት፣ ለሁለት ተከፈለ፤ ትልቁን ክፋይ እንደገና አደቀቁት። አንዱን በመሐረብ ጠቅልለው አፍንጫዋ ድልድይ ላይ፣ ሌላውን ማጅራቷ ላይ ያዙ፤ ራሷንም ወደ ፊት ዘንበል አደረጉላት። ቀዝቃዛው ውኃ በአንገቷ ወርዶ ቀሚሷን አራሰው።

«ዩ ዊል ሉዝ» አለች ዓለምፀሐይ በታፈነ ድምፅ፣ ውርርዱ ትዝ ብሏት።

«የመንገዱ ድርሻ ነው። ዝም በዪ አሁን።»

ሩብ ሰዓት ያህል እንዲሁ ቆዩ። ግራ እጃቸው ደነዘዘ፤ ቀኙ ደግሞ የልጅቷን ግንባር እንደያዘ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፅጌረዳ እጁን አየች። የአባቷ እጅ ሲንቀጠቀጥ አይታ አታውቅም። ልትናገር ስትል አምሐ ክንዷን ያዝ አደረገ።

ደሙ ቆመ። አቶ ጥሩነህ የቀረችውን ቁራጭ ወደ ሰጋቱራው መልሰው ገመዱን ማሰር ጀመሩ፤ በአንድ እጅ አልሆነላቸውም። ፅጌረዳ ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን አሰረችላቸው። ሲመሽ አልታሞንት ከሚባለው ኮረብታ ደረሱ። እዚያ ነፋስ የሚያሽከረክራቸው በመቶ የሚቆጠሩ የብረት ክንፎች ምሽቱን ይቆርጡ ነበር፤ አንዳንዱ ቆሟል፤ አቶ ጥሩነህ የቆሙትን ሲቆጥሩ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ወይዘሮ ወርቅዬ በሩን ከፍተው አራቱን አቧራ የለበሱ ሰዎች አዩ፤ የልጅቷን ቀሚስ አይተውም በስመ አብ አሉ። ነገሩ እስኪነገራቸው ጥቅሉ ማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ከበቡት። አቶ ጥሩነህ ገመዱን ፈቱ፣ የረጠበውን ሰጋቱራ በጣታቸው ፈለፈሉ፤ ከመካከሉም የዶሮ እንቁላል የምታህል፣ ብርጭቆ የመሰለች በረዶ ወጣች።

አምሐ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። «ገብታለች። አሸነፉኝ ጋሼ። ቃሌ ቃል ነው፤ የዳሱን ነገር ከእንግዲህ ከእኔ አይሰሙም።»

«ከእኔም» አለች ፅጌረዳ። ድምጿ ግን እንደ ተሸናፊ አልነበረም፤ የአባቷን ቀኝ እጅ እያየች ነበር።

«ይችን ነው አሥራ ስድስት ሰዓት ተጉዘህ ያመጣህልኝ?» አሉ ወይዘሮ ወርቅዬ።

«ካልቀለጠ ስጦታ ይሆናል ብለሽ አልነበረም?»

ወይዘሮ ወርቅዬ በረዶዋን በመዳፋቸው ተቀበሉ። ጥቂት ይዘዋት ቆዩና፣ ልጃቸውና አማቻቸው እያዩ፣ የባላቸውን የሸሚዝ ሁለት ቁልፎች ፈተው ቀኝ ትከሻቸው ላይ አሳረፏት። አቶ ጥሩነህ ዘለል አሉ፤ ቀጥሎ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከጠዋት ጀምሮ ሲገፋቸው የነበረ ሁሉ እጁን አንሥቷል፤ የሚከራከሩት ሰው ጠፋ። የቀራቸው ትከሻቸው ብቻ ነበር፤ ውኃውም በክንዳቸው ወርዶ ከክርናቸው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«ፅጌ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«አቤት አባዬ።»

«ሰኞ ለዚያ ሰውዬ ኮል አድርጊለት።»

ፅጌረዳ እናቷን አየች፤ እናቷ በረዶዋን ከማንሸራተት አላቆሙም። «ምን ልበለው?»

አቶ ጥሩነህ አሰብ አደረጉ።

«ወንበሩ መደገፊያ አለው ወይ በዪው።»